የሕንጻችን ግዝት

የአክሲዮናችን ቃለ ጉባኤ ላይ «የሱቅ ቅያሬው ጉዳይ በአባላት መግባባት ተፈትቷል» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ሲያነበው ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። በመግባባት አይዶለም የተፈታ። ያሳሰርሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደ ተፈታም የማውቅ እኔ ነኝ። ጸሐፊውን «አስተካክለው እንጂ» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባቴ፣ ቃለ ጉባኤ አጭር ነው የሚሆን» አለኝ። እንግዲህ ረጅሙን እኔው እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁ በልጅነቴ ከደብራችን አጥር ሥር ነው። ዳዊት ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ወደ መርፌው ዞርሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ነገር ቢኖር በጨርቅ ላይ በጠመኔ የሰው ቁመትና የትከሻ ስፋት ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሰፊ ነኝ። ካባ እሰፋለሁ፣ የቅዳሴ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምታወቀው ግን በጥላ ነው፤ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው፣ ዙሪያውን ዘርፍ የሚንጠለጠልበት ባለ ከፋዩ ጥላ። ደንበኞቼ ከጣና ደሴቶችና ከባሕሩ ዳር የሚመጡ ካህናት ናቸው። ጀልባ ሲደርስ ይመጣሉ፣ ጀልባው ሳይመለስ ይሄዳሉ፤ በመሀል ያለችውን ሰዓት እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጡባት።

ድሮ ሱቃችን በመሀል ከተማው ገበያ ቆርቆሮ ነበር። በስተቀኜ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ የሞተው ልጆቿ ገና ትንንሽ ሳሉ ነው፤ ያሳደገቻቸው በዚያች ሱቅ ነው። በመሀላችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላለሁ። እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ እሷ ከወዲያ ሆና «አያ፣ ተው፣ ካህን አይዶሉም እንዴ?» ትለኛለች። ከእኔ ታንሳለች፤ እንደ ታላቅ ወንድም አያ ነው የምትለኝ። ስትወጣ ሱቋን እጠብቃለሁ፣ ስወጣ ትጠብቅልኛለች። ጉልበቷ ግን ከዚያን ጊዜም ደህና አልነበረም። ክረምት ሲመጣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ነበር የምትሸጥ።

ከዚያ «ቆርቆሮው ይነሣ፤ ወደ ላይ የሚሠራ ይሥራ፣ የማይሠራ ይልቀቅ» ተባልን። ተሰበሰብን፣ አክሲዮን ሆንን፣ በስንት ጣርና በስንት ዓመት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አቆምን። መስታወቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፤ ከሐይቁ በጀልባ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር በተመረቀ ቀን ኩራት ልቤን ነፍቶት ነበር።

ሱቁን በዕጣ ተከፋፈልነው። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። ነጋዴ ሆነን ሳለ ስለ ንግድ ያሰበ አንድም አልነበረም፤ ሁላችንም ያሰብነው አድልዎ እንዳይኖር ብቻ ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ቁና ውስጥ ገባ፤ ማን ምን ይሸጣል ሳይባል ሁሉም እጁን እየሰደደ አወጣ። ቅቤ ነጋዴው አራተኛ ፎቅ ወጣለት። የጣሪያ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጠው ሦስተኛ ፎቅ። ለእኔ ምድር ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ፊት ለፊት። ለጎረቤቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው ጥግ።

ዕጣው እንዳለቀ ተነሣሁና፣ «ነገ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ አባታችን ዕጣውን ይግዘቱልን» አልሁ። ሁላችንንም የሚናዝዙት የማኅበራችን ቄስ እዚያው ነበሩ። መስቀላቸውን አወጡ። ዕጣውን የለወጠ፣ ያስለወጠ፣ እንለዋወጥ ብሎ የጠየቀም በጴጥሮስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን አሉ። ሁላችንም «አሜን» አልን። ግዝት ለማያውቅ ሰው፣ በካህን ቃል መታሠር ነው። ያሠረው ካህን ካልፈታው ደፍሮ የሚነካው የለም። ያስገዘትሁት ለሰላም ብዬ ነው እል ነበር። ይኸን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሕንጻው እንዲህ ታሥሮ ዐሥር ዓመት ኖረ። አሳንሰሩ ከመብራቱ ጋር ሲጣላ ቆይቶ ጨርሶ ቆመ፤ በሩ ላይ ካርቶን ተለጠፈበት። ከገጠር ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ሰው መግቢያው ላይ ሲደርስ ዘበኛው ዱላውን ይቀበለዋል። ዱላውን የሰጠ ሰው ደግሞ ዱላው ከማይታይበት አይርቅም፤ ምድሩን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ዱላውን ተቀብሎ ይወጣል። ወደ ላይ ማን ይወጣል? ጎረቤቴ ትወጣለች፣ ማለዳ ማለዳ፣ የጋቢውን ጓዝ በጀርባዋ አዝላ። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች። ነጩ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ከጊዜ ብዛት ጠቆረ፣ ወዛ። እኔ ልጆች ያቆሸሹት መስሎኝ ዘበኛውን ተቆጥቼዋለሁ።

ይኸ የአሁኑ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። መንገድ ሲዘጋ ከመሸንቲ በኩል ያለው ገጠሬ ለቅዳሜ ገበያ አይመጣም። ስልኩ ይቋረጣል፣ ጀልባው ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ ከሕንጻው ፊት ለፊት መንገዱ ተቆፈረ፤ ስንት ወር በጣውላ ላይ ተሻግረን ነበር የምንገባ። የላይኞቹ ሱቆች አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከምስማር ሻጩና ከእሷ በቀር ሰው አልቀረም።

ሊቀ መንበራችን የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ቀጥተኛ ሰው። ሰበሰበንና ወሬውን አወጣው። አንድ ባንክ ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ባንድ ላይ ልከራይ ብሏል።

«እስከ ጥምቀት እንጠብቃለን» አለ። «እስከዚያ የላይኛው ፎቅ ሰው ካላየ፣ እሺ እንላለን። ላይ ያላችሁ የኪራዩ ድርሻ ይደርሳችኋል። ሱቅ ግን አይኖራችሁም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጎረቤቴ ሱቄ መጥታ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች።

«አያ፣ ድርሻውስ ይሁን። ጠዋት ተነሥቼ ግን የት ነው የምሄድ?»

የካባ እጅጌ እየሰፋሁ ነበር። ዓይኔን ከመርፌው አላነሣሁም።

«ልጆቼ ሄደዋል» አለች። «ቤት ስውል ግድግዳው ነው የሚያፈጥብኝ። ያች ሱቅ ገበያ ባይኖራትም ነጠላዬን ለብሼ የምሄድባት ናት።»

«እግዜር ያውቃል» አልሁ። እንዲህ ማለት ለሰው ይቀለዋል።

ሊቀ መንበሩ ለባንኩ እሺ ከማለቱ በፊት ከዩኒቨርሲቲው አንዲት መምህርት ለምኖ አመጣ። ልጅ ናት፤ ከሌላ አገር የመጣች፣ ንግግሯ ቶሎ ቶሎ። መብራት ጨምሩ፣ ሙዚቃ ክፈቱ ትለናለች ብለን ነበር የጠበቅናት። እሷ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ፣ በየሱቁ ስትቀመጥ ከረመች። ከዚያ ሰበሰበችንና ፊታችን ቆመች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅቤ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይቀልጣል!» አላት ቅቤ ነጋዴው ራሱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«እሺ፣ የጣሪያ ቆርቆሮስ ሦስተኛ ፎቅ ምን ይሠራል?»

«ለጣሪያው እንዲቀርብ ነዋ» አለ ምስማር ሻጩ።

ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ በሩ ላይ ነዎት። ደንበኛዎ በመንገድ ሲያልፍ አይቶዎት ነው የሚገባው?»

«ማን ነው በመንገድ ሲያልፍ የታቦት ጥላ የሚገዛ?» አልኋት። «ፈልጎኝ ነው የሚመጣ እንጂ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ቢሆኑስ ይመጣል?»

«ጎንደርም ብሄድ ይመጣል።»

አፌ ነው የጣለኝ። እሷ ግን ወዲያው ጎረቤቴን፣ «እርስዎንስ፣ እናቴ?» አለቻት።

«እኔንማ ያየኝ ነው የሚገዛኝ» አለች ጎረቤቴ። «የሚያየኝ ነው የጠፋ።»

«እንግዲህ መልሱን ራሳችሁ ተናገራችሁት» አለች ልጅቷ። «ተፈልጎ የሚገኝ ይውጣ፤ ታይቶ የሚገዛ ይውረድ። የወጣው ሰው ደንበኛውን አስከትሎ ይወጣል፣ ፎቁም ሰው ያያል። ይኼን ያህል ዓመት ለምንድን ነው ያልተለዋወጣችሁት?»

ሁሉም እግሩን ያያል።

«ሕግ ይከለክላችኋል?»

«ሕግስ አይዶለም» አለ ሊቀ መንበሩ። «ግዝት አለብን።»

«ግዝት? ተጽፎ ያለ ነው?»

«ግዝት አይጻፍም፣ ልጄ።»

«ጊዜ የለውም? የሚያበቃበት ቀን?»

አሁን ግን የሳቀ የለም። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ «የገዘቱት አባት በሕይወት አሉ?» አለች። መንኩሰው ደቅ ደሴት መግባታቸውን፣ ዓይናቸውም መድከሙን ነገሯት። «በስልክ አይሆንም?» ብትል ሊቀ መንበሩ፣ «በስልክ ታሥሮ ቢሆን በስልክ ይፈታ ነበር» አላት።

«ማን ይሂድ ታዲያ?»

«ያስገዘተው ይሂዳ!» አለ ቅቤ ነጋዴው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እምቢ የምልበት ነገር አላገኘሁም። እምቢ ማለት ግን ፈልጌ ነበር፤ እሱን አልደብቅም። ቢፈታ ከበሩ ላይ ማን እንደሚነሣ ገብቶኛል።

የደቅ ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ነው። በሄድሁበት ጠዋት ጎረቤቴ ማረፊያው ድረስ መጣች፣ በዚያ ጉልበቷ፣ በባጃጅ። በፌስታል የተጠቀለለ ጋቢ ሰጠችኝ።

«ለአባ ስጥልኝ። ከሱቄ ደህናው እሱ ነው።»

«ሽጭው እንጂ፣ ምነው?»

«ለማን?» አለችኝና ሳቀች። «አያ፣ እግዜር ያግዝህ። አንተ ባትኖር ማን ይሄድልኝ ነበር?»

ጀልባው ላይ ጋቢውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። የቢራ ሣጥን፣ የታሠሩ ዶሮዎች፣ አንድ ሙሉ የእንጨት በር ከነመቃኑ ተጭኗል። ብዙም ሳንርቅ እምቦጩ ሞተሩን ያዘውና ቆምን። ነጂው እጁን ውኃ ውስጥ ሰዶ አረሙን ሲነቅል፣ ሰዉ ሁሉ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲለው፣ እኔ ባይነቀል ብዬ ተመኘሁ። ወደ ኋላ ብዞር የሕንጻችን መስታወት ያበራል። ከዚያ ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ነው የሚመስል።

አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጎጆ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደመና ለብሷል። ስሜን ሳልናገር «መርፌው» አሉኝ፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ጋቢውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኸን የላከች ያች ጉልበቷን የሚያማት ናት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አለች እንዴ? ደግ።»

የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ሕንጻው ባዶ መቅረቱን፣ ባንኩን፣ ጥምቀትን፣ ልጅቷን።

«ያን ቀን ድምፅህን አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ቸኩለህ ነበር። ለምን ቸኮልህ?»

«ለሰላም ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ማን ተጣልቶ ነበር?»

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ማንም አልተጣላም ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ለሰላም ነው ስል «ማን ተጣላና?» ያለኝ አልነበረም። አባ የጋቢውን ጫፍ እየዳሰሱ ይጠብቁኛል። ውሸት ልናገር ፈልጌ አፌን ከፈትሁ፤ የማየው ግን ጋቢውን ሆነና አልወጣልኝ አለ።

ነገርኋቸው። ዕጣው እንደ ወጣ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «አያ፣ ጉልበቴን ታውቀው የለ? አንተን ሰው ፈልጎህ ነው የሚመጣ። ብንለዋወጥስ?» አለችኝ። ያች የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሁለት ሳምንት ወጥታ ወርዳ ያገኘችውን፣ ጎረቤቴ በዚያች ደቂቃ በጆሮዬ ነግራኛለች። «ላስብበት» አልኋት። አላሰብሁም። በሩን፣ መስታወቱን፣ ደንበኛ ሲገባ ጥላዬ ተዘርግቶ የሚታይበትን ነው ያየሁት። እምቢ እንዳልላት ደግሞ አፈርሁ። ስለዚህ ተነሥቼ ይገዘት አልሁ። እምቢ ያላት ግዝቱ እንዲሆን ነው። እሷም ከሁሉ ቀድማ «አሜን» ስትል ሰማኋት፤ ምንም ሳትጠረጥረኝ።

አባ ጋቢውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከሐይቁ በኩል የታንኳ ቀዛፊዎች ሲጠራሩ ይሰማል።

«እኔም አልጠየቅሁህም» አሉ በመጨረሻ። «ግዘቱልን ያለኝን ሁሉ እገዝት ነበር። ቀላል ነበራ። ቃል ነው፣ አይከብድም ለተናጋሪው።» መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ግዝቱን እፈታዋለሁ፣ ለሁሉም ይድረሳቸው። ያንተ ግን በዚህ አይፈታም። በጉባኤ ፊት ተናግረህ አሠርሃት፤ በጉባኤ ፊት ተናግረህ ፍታት።»

«ለብቻዋ ብነግራትስ፣ አባቴ?»

«ለብቻዋ ነው እንዴ ያሠርሃት?»

ተንበረከክሁ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ፤ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉት። ቀዝቃዛ ነበር።

ስመለስ ጀልባው ላይ ስንት ነገር አሰብሁ። «ግዝቱ ተፈትቷል» ብቻ ብዬ ብቀመጥ ማን ያውቃል? አባ ዓይናቸው አያይ፣ ስልክ የላቸው፣ ከደሴቱ አይወጡ። ሱቁንም በገዛ እጄ ብለቅላት፣ «እንዴት ያለ ደግ ሰው!» እባላለሁ። እሷም ትመርቀኛለች። ከሁሉ የከበደኝ ምርቃቷ ነው።

ስብሰባው በማግሥቱ ከሰዓት ምድር ላይ ተደረገ፤ ሱቄ ፊት ለፊት። ተነሣሁና «ተፈትቷል» አልሁ። እልልታ ሆነ። ቅቤ ነጋዴው ጉልበቴን ሊስም ደረሰ። ጎረቤቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ «አያ፣ እግርህ ይባረክ! የሄድህበት እግርህ ይባረክ!» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ሊቀ መንበሩ ወደ ቅያሬው አሠራር ገባ፤ ማን የት ይሁን እያለ ይጽፋል። ተመልሼ ተነሣሁ።

«አልጨረስሁም» አልሁ።

«በኋላ፣ አባቴ» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

«በኋላ አልናገረውም። አሁን ስሙኝ።»

ነገርኋቸው፤ ለአባ እንደ ነገርኋቸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። በጆሮዬ ያለችኝን፣ «ላስብበት» ያልሁትን፣ ለምን እንደ ተነሣሁ። ንግግሬ ሲያልቅ ደጁ ላይ በተቆፈረው መንገድ የተጋደመውን ጣውላ ሰው ሲረግጠው ይሰማ ነበር።

አንዱ ከኋላ፣ «ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ።

«ለእናንተ አለፈ» አለች ጎረቤቴ። ድምፅዋ አልጮኸም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋቢውን ተቀበሉህ?»

«ተቀበሉ።»

«ደግ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ደረጃውን ያዘች፣ ወደ ላይ። አንድ አንድ እያለች ስትወጣ ሁላችንም እንሰማለን። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ያ የጠቆረው ግድግዳ ምን እንደሆነ የገባኝ። እስክትንቀሳቀስ ጠበቅን፤ እንደገና ስትራመድ ሰማን።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ተሸካሚ ጠርቼ የስፌት መኪናዬን ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁ። ጨርቁን፣ የጥላውን ዘንግ፣ ዘርፉን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ከሷ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው በተዘጋው ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ «ታች ያለው ባዶ ነው» አልኋት። ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁ። ቀና ብላም አላየችኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ቁልፉ እዚያው ነበር፤ እኔም እዚያው ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዘርፍ እሰፋለሁ፤ እሷም ጋቢዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ታች በሩ ላይ ያለው ሱቅ ተከፍቶ ባዶውን ይታያል። ሊቀ መንበሩ ወጥቶ ቢለምናት፣ «ስጦታ አልቀበልም» አለችው።

በአራተኛው ቀን ቁልፉን አነሣች። አያ ማለቱን ትታለች።

«ከእርስዎ አይዶለም የምወስደው» አለችኝ። «ያኔ ጠይቄ የተከለከልሁትን ነው የምወስድ። ይኸን ይወቁልኝ።»

«አውቃለሁ» አልኋት። ጓዟን ልሸከምላት ብነሣ፣ «ይተዉት» አለች፤ ተሸካሚ ጠራች። እሷ ስትወርድ እኔ በሷ ሱቅ ገባሁ።

ከዚያ ሌላውም ተንቀሳቀሰ። ቅቤው ወረደ፤ ሽታው አሁን በሩን ይዞታል፣ ገጠሬው እሱን ተከትሎ ነው የሚገባ። ምስማርና ቆርቆሮው ወረደ። ስልክ ጠጋኞቹ ወጡ፤ ጎረምሳው ለስልኩ ብሎ ሰማይም ይወጣል። እኔን አይተው ሁለት ሰፊዎች ሦስተኛ ፎቅ ገቡ። ዘበኛው ለዱላ ማስቀመጫ በሩ ላይ መደርደሪያ ሠራ፣ ባለቤቱ እንዲለየው እያንዳንዱ ዱላ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ያሥራል፤ ጨርቁን የምሰጠው እኔ ነኝ።

ጥምቀት ሲቃረብ ለነጠላ ሰው መጣ። መንገዱ ያን ሰሞን ክፍት ነበር። ከላይ ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ይኸ ጥለት አይለቅም፣ እህቴ! እጠቢው፤ ከለቀቀ መልሰሽ አምጭና ራሴ ላይ ጣይው!» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። በቆርቆሮው ዘመን ያለሁ ይመስለኝና ቀና እላለሁ፤ በመሀላችን ግን ሦስት ፎቅ አለ።

ዳነ ልል አልችልም። ከጥምቀት በኋላ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፤ ሁለት ቅዳሜ ሕንጻው ጭር አለ። የላይኞቹ ሱቆች ግማሹ እንደ ተዘጉ ናቸው። ሊቀ መንበሩ፣ «ባንኩን እስከ ፋሲካ አስታግሼዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም» ብሎናል። ባንኩ ከገባ ሱቅ የማይኖረው እንግዲህ እኔ ነኝ። ጠዋት ተነሥቼ የት እንደምሄድ አሁን እኔም አስባለሁ። አላማርርም። ደስ ብሎኛል ብዬም አልዋሽም።

ባለፈው ሰሞን ከደሴቱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ለጥላ መጡ። መብራት አልነበረም፤ ደረጃው ጨለማ ነው። እያለከለኩ ገብተው ተቀመጡ።

«እንዴት አገኙኝ፣ አባቴ?»

«ታች ያለችው ሴት ናት ያመላከተችኝ። ደረጃው ሲያልቅ ሌላ ደረጃ አለ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ አለ፣ እሱ ሲያልቅ ሰውየው አለ አለችኝ።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ይያዙ፣ እዚያ ላይ ነው ጉልበት የሚከዳ፣ አለች። እውነቷን ነው።»

የጥላውን ስፋት ተነጋገርን፣ ከፋዩን መረጡ፣ እስከ ታች ልሸኛቸው ተነሣሁ። ወርደን በሷ ሱቅ በኩል ስናልፍ ለካህኑ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች፤ እኔን አላየችኝም። ጀልባው ማረፊያ መንገድ ድረስ ሸኝቼ ተመለስሁ። ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ጉልበቴ ያዘኝ። ያ የጠቆረው ቦታ በጨለማውም ይታወቃል፤ ሲዳስሱት ለስልሷል። እጄን እዚያው ላይ አሳርፌ ትንፋሼ እስኪመለስ ቆምሁ። ከታች ጋቢ ስታራግፍ ይሰማኛል።